ከጸበሉ ራስ ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ

ጡረታ የወጣሁት በሰኔ ነው። በችግኝ ሥራ ሰኔ ማለት ዓመቱን ሙሉ ስናሳድገው የኖርነው ሁሉ በአህያና በሰው ጀርባ ተጭኖ ከበር የሚወጣበት ወር ነው። እኔም ከችግኞቹ ጋር አብሬ ወጣሁ። ጽሕፈት ቤቱ ጋቢና ዣንጥላ ሰጠኝ፤ ጋቢው ለመንዝ ብርድ፣ ዣንጥላው ለክረምቱ ይሆናታል ብለው ነው፣ መልካም አሰቡ። ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበትን ግን ማንም ሊሰጠኝ አልቻለም።

ልጄ አስካለ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። እየደጋገምሽ ከምትነግሪኝ ጻፊው አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም የጎረቤት ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ሲጻፍ ስለኖረ እጄ አልረሳም። የምጽፈው ስለ ችግኝ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ለእመቤታችን በስለት ሰጥተናት፣ በኋላ በገዛ እጃችን ስለቆረጥናቸው ዛፎች ነው።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ነው። ባሌ ሞቶብኝ ሕፃኗን አስካለን ይዤ ቀርቼ ነበር። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ይፈለጋል ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። ክፍያው ጥቂት ነበር፤ እሱም ወረቀቱ ተፈርሞ ሲመለስ ነው የሚሰጠን፣ ወረቀቱ ደግሞ ለመመለስ አይቸኩልም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቋሚ ሆንኩ። ስለ ደመወዝ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

የጣቢያው ፎርማን ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። በልጅነታቸው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብተው ድቁና ተቀብለው ነበር። ለዜማ የሚሆን ድምፅ ስለሌለኝ እግዚአብሔር ዝም ተብሎ የሚሠራ ሥራ ሰጠኝ ይሉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መዳፌን ዘርጊ ብለው የባሕር ዛፍ ዘር አደረጉበት። ሱረት መሰለኝ። ትንፋሽሽን ያዢ፣ እፍ ካልሽው አንድ ደን ሄደ አሉኝ።

ያን ዘር ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ከሳቸው ተማርኩ። ብቻውን ከተዘራ አንድ ቦታ ይከመርና ተጋፍቶ ይሞታል። ላዩን በተነፋ አፈር ሸፈን አድርጎ ጭድ ማልበስ፣ ውኃውን ዝናብ በሚመስል ማጠጫ ማካፈል፣ ሲበቅል አንድ በአንድ ነቅሎ ወደ ፕላስቲክ ማዛወር። ሲዛወር በቅጠሉ ነው የሚያዘው። እኔ ግንዱን ስይዝ አይተው እጄን መለሱኝ። «ቅጠሉ ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ አንገቱ ከተጨመቀ አለቀ። አስካለን በአንገቷ ነው የምታነሺያት?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንገቱን የነካሁት ችግኝ የለም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠላታችን ውርጭ ነው። ውርጭ ያደረበት ቅጠል ፀሐይ ሳታገኘው ውኃ ካልተረጨበት እንደ ተቀቀለ ጎመን ይጠቁራል። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ለልጄም ለችግኙም እንደዚያው ነኝ። ሌሎቹ ሳይመጡ እደርስና የሣሩን ጥላ እየገለጥኩ አንድ በአንድ አያለሁ። ጋሽ ወልዴ ይስቁብኝ ነበር። «የሺ፣ አንቺ ስትፈሪ ችግኙ ይድናል። ፍርሃትሽን እዚሁ ጨርሺው፣ ትራፊውን ለልጅሽ አትውሰጂባት» ይሉኛል። እኔ ግን ሁልጊዜ ትራፊ ነበረኝ።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ማጠጫ ሲያነሡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። የኔ ችግኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ አደራው ነው የሚሉት። የደከመ ችግኝ አይጥሉም፤ ከአጥሩ ጥግ አንዲት ትንሽ መደብ ነበረች፣ ቢጫ የሆነውን፣ ሥሩ የታጠፈውን፣ በግ የቀነጠሰውን ሁሉ እዚያ ይሰበስባሉ። የዚያችን መደብ ችግኞች ጸበልተኞቹ ይሏቸዋል። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። ጸበልተኞቹ እንዴት አደሩ ብለው ይጠይቁኛል፣ እኔም አንዱ ተነሥቷል፣ አንዱ ተሰናብቷል እላለሁ።

ምሳ ስንበላ ከሃይማኖቱም ያጫውቱናል። አዳም ወደ ገነት ሲገባ የተሰጠው ሹመት ሁለት ሥራ ነው ይሉን ነበር፤ ማበጀትና መጠበቅ። ማበጀቱ የክረምት ሥራ ነው፣ ሕዝቡ ይወጣል፣ ይዘፈናል፣ ባለሥልጣን ይመጣል። መጠበቁ ግን የበጋ ነው፤ ያን ጊዜ ከችግኙና ከበጉ በቀር ማንም አይመጣም። አዳም ያቃተው ሁለተኛው ነው ይላሉ። ከዚያ የማትቀረዋን ንግግራቸውን ይጨምራሉ፤ «በጋ ያልወጣ ችግኝ አልተተከለም።» ዛፍ መቁረጥ ግድ የሆነበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ምትኩን ተክሎ አንድ በጋ እንዲያሳልፍ ይመክሩ ነበር።

በመካከል ወደ ሌላ ጣቢያም ተልኬአለሁ። ቀየት በሚባለው ቦታ ሳለሁ የነበሩት ኃላፊ እንግዳ የሚወዱ ነበሩ፤ የክልል ሰው ይመጣል ሲባል ያማሩትን ፕላስቲኮች ሁሉ ከበሩ አጠገብ ያስደረድሩናል፣ እንግዳው ሲሄድ መልሰን ወደ ቦታቸው እንሸከማለን። በመንዝ ምድር እንደነዚያ ችግኞች አገር ያየ ችግኝ የለም። ራቤል ደግሞ ነፋሱ ጥላችንን እየነቀለ ቁልቁል ይወስድብን ነበር፤ መደቡን በድንጋይ ካብ መከለል የተማርኩት እዚያ ነው። በሁለቱም ቦታ አስካለን ይዣት ዞርኩ።

አስካለን የሚጥል በሽታ ይዟት ነበር። ገና ትምህርት ሳትጀምር ነው የጀመራት። አንድ ጊዜ ከመደቦቹ መካከል ወደቀችና ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ከራሷ ሥር አድርገው እስክትነቃ ይዘውልኝ ተቀመጡ። መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ወስጃት ክኒን ሰጧት። ከደብራችን በታች ካለው ከኪዳነ ምሕረት ጸበልም አስጠምቃታለሁ። ክኒኑንም ጸበሉንም አንድ ቀን አላስታጎልኩም፤ የትኛውን ብተው የትኛው እንደሚቀየመኝ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ጸበሉ ከገደሉ ሥር በእንጨት አሸንዳ ሲወርድ እንደ ሰው ክንድ ይወፍራል። ቆይቶ በሽታው ተዋት። ሐኪሙም ክኒኑን ቀስ በቀስ አስቆማት።

በዚያው ዘመን የደብሩ ሰው ለእመቤታችን ዛፍ በስለት መስጠት ጀምሮ ነበር። አገራችን እንጨት የለውም፤ ኩበት ነው የምናነደው። ስለዚህ ዛፍ መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው። ሰበካው ከጣቢያችን ባሕር ዛፍ ጠየቀ። ያኔ ከመርሐ ቤቴ የመጣ ደሳለኝ የሚባል ወጣት የደን ባለሙያ ነበረን፤ ከምንጩ ራስ ከሆነ ኮሶና ጽድ ይሻላል፣ ባሕር ዛፍ ውኃ ይወዳል ብሎ ነገረን። ሽማግሌዎቹ አልወደዱለትም። ጽድ እስኪያድግ ባለ ስለቱ ይሞታል፣ ስለት ደግሞ ቆሞ መታየት አለበት አሉ። ጋሽ ወልዴ አንገራግረው፣ በመጨረሻ ስለት ይዞ የመጣን ሰው አልመልስም ብለው ሰጡ። አንዱ ልጁ ከጦር ሜዳ ስለተመለሰለት፣ አንዷ በሰላም ስለወለደች፣ አንዱ ዓይኑ ስለበራለት ተከለ። ሁሉም የየራሱን ያውቀዋል። የኔን ከመደቡ መርጬ፣ ቀጥ ያለውን፣ ከጸበሉ ራስ ላይ ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ተከልኩት። ስለ አስካለ ነው ብዬ አፈሩን በእጄ ጠቀጠቅሁት።

ዛፎቹ አደጉ። ማደግስ አደጉ፤ በሩቅ የሚያይ ደብሩን በእነሱ ነበር የሚያውቀው። የኔ ከሁሉ በለጠ። ሥራ ውዬ ስመለስ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ለምልሞ ካየሁት ልጄ ደኅና ናት ማለት ነው። አስካለ ትምህርቷን ተከትላ ደብረ ብርሃን ከሄደች ወዲህማ በየቀኑ የማየው እሱን ነበር።

ጸበሉ ግን ከዓመት ዓመት ይቀጥን ጀመር። ሕዝቡ እመቤታችን ተቀይማን ነው አለ፤ አንዱ የሌላውን ኃጢአት ፈለገ። ወደ ዛፎቹ ያየ አልነበረም። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ በአንዱ ዓመት በልጉ ቀረና በሁዳዴ አሸንዳው ደረቀ። ከቆላ ድረስ የመጡ ሕመምተኞች ጄሪካናቸውን ታቅፈው ቁጭ አሉ። ከገደሉ ስንጥቅ ጠብ የምትለዋን ተራ በተራ ይለቅማሉ።

ደሳለኝ በዚያን ጊዜ ወረዳው ላይ ኃላፊ ሆኖ ነበር። መጥቶ አየና ሕዝቡ በተሰበሰበበት ከምንጩ በላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ይነሡ አለ። እዚህ ላይ ሁሉም ተንጫጫ። በታቦት ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሣ ማን ነው? አንዱ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው «ወረዳው ትከሉ አለን፣ ተከልን። አሁን ቁረጡ ይለናል። የሚቀጥለው ብሉት ነው» አሉና ሰው ሳቀ። ደሳለኝም ሳቀ፤ እኔ ኮሶ ነበር ያልኩት ብሎ ሊመልስ ይችል ነበር፣ አልመለሰም።

የመለሱለት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጡረታ ወጥተው አርጅተው ነበር፤ በምርኩዝ ተነሡ።

«ችግኙን ያፈላሁላችሁ እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ያን ጊዜ ነግሮኛል፣ አልሰማሁትም። እመቤታችን የሰጠችን ውኃ ነው። እኛ የሰጠናት ዛፍ ነው። አሁን የኛ ስጦታ የሷን ስጦታ እየጠጣው ነው።»

ሁሉም ወደ ደብሩ አለቃ ወደ መምሬ ጥላሁን ዞረ፤ የኔም የነፍስ አባት ናቸው። መምሬ የተሰጠ ተሰጥቷል፣ ከደጇ አንሥቼ ለማን እመልሳለሁ ብለው ቆይተው፣ እስቲ ላስብበት አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያሰቡትን ተናገሩ። ምድሪቱ ከነሞላዋ የእግዚአብሔር ናት፤ ከእርሱው ወስደን ነው መልሰን የምንሰጠው፣ ስለዚህ ሰጠሁ ብሎ የሚኮራ የለም፣ አበላሸሁ ብሎ ዝም የሚልም አይገባም አሉ። ስለት ለተሻለ ይለወጣል፤ ግን የተከለው እጅ ራሱ ይቁረጥ፣ በምትኩም ኮሶ ወይም ጽድ ተክሎ ይጠብቅ። ማንንም አላስገድድም ብለው ጨረሱ።

ማንም ቀድሞ አልነካም። ሁሉም የየራሱን ዛፍ ቀና ብሎ እያየ የሌላውን ይጠብቃል። ያ ልጁ ከጦር ሜዳ የተመለሰለት ሰው፣ የሺ ትጀምር፣ የሷ ነው ከምንጩ አፍ ላይ ያለው፣ ችግኝም ሙያዋ ነው አለ። ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ጋሽ ወልዴም ቤቴ ድረስ መጥተው ለመኑኝ። እኔ ደግሞ የማየው ዛፉን አልነበረም፤ ከመደቦቹ መካከል የወደቀችውን ልጅ ነበር።

ወደ መምሬ ሄድኩ።

«ወለተ ጊዮርጊስ» አሉኝ በክርስትና ስሜ፣ «ዛፉን የተከልሽው ልጅቱ ሳትድን ነው ወይስ ከዳነች በኋላ?»

«ከዳነች በኋላ ነው።»

«እንግዲያ ዛፉ ሳይኖር ነው የዳነች።»

«እሱስ ነው አባ። ግን ዛፉ ከቆመ ወዲህ ነው ያልተመለሰባት።»

መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡት። «ምስጋና ነበር። አንቺ ዋስ አደረግሽው» አሉኝ። «እግዚአብሔርን ዋስ አስጠርተሽ ነው የያዝሽው፣ ልጄ።»

ነገሩ ገብቶኛል። መግባቱ ግን መጥረቢያ አላስነሣኝም። በመጨረሻ ማምለጫ አገኘሁ፤ ለጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ምትኩን ልትከልና አንድ በጋ ይውጣ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ አልኳቸው። ሳቁ፤ በገዛ ዱላዬ መታሽኝ አሉ። ግን ሕጉ የሳቸው ነውና እሺ አሉኝ።

በክረምቱ ከዛፉ ፈንጠር ብሎ ኮሶ ተከልኩ። ሌሎቹም የየምትካቸውን ተከሉ። በግ እንዳይበላው በእሾህ አጠርኩት፤ ለውርጩ የሣር ቆብ አለበስኩት። በበጋው ከጣቢያው ውኃ እየተሸከምኩ አጠጣሁት። በጸበሉ አጠገብ ለተተከለ ችግኝ ውኃ ከሩቅ ተሸክሞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ እያወቅሁ ነው የተሸከምኩት።

በዚያው በጋ በየካቲት ጋሽ ወልዴ ታመሙ። ከአልጋ መነሣት ተሳናቸው። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያች ጸበል። ጄሪካን ይዤ ሄድኩ። ከስንጥቁ ሥር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ጠብ ትላለች፣ ቆይታ ደግሞ ጠብ ትላለች። ፀሐይ ከዚያ ማዶ ወደዚህ ማዶ ዞረች፣ የጄሪካኑ ታች እንኳ አልተሸፈነም። ቀና አልኩ። አገሩ ሁሉ ነጭ ነው፤ ሣሩ ነጭ፣ ማሳው ነጭ፣ ኮረብታው ነጭ። በዚያ ሁሉ ደረቅ ምድር ለምለም የስለት ዛፎቻችን ብቻ ነበሩ፣ ከሁሉ ይልቅ የኔ። ልጄ ደኅና ናት እያልኩ ስደሰትበት የኖርኩት ልምላሜ ከየት እንደሚመጣ ያን ቀን አየሁት፤ ከጋሽ ወልዴ አፍ ነበር የሚመጣው።

የተጠራቀመችውን ይዤላቸው ገባሁ። ፊታቸውን አበሱባት፣ አንድ ጉንጭ ቀመሱ፣ የቀረውን መለሱልኝ።

«ይሄን ለጸበልተኞቹ አጠጪልኝ።»

«ጸበል እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እነሱስ ምንድን ናቸው?» አሉኝ።

ጣቢያው ሄጄ የአጥሩን ጥግ መደብ አጠጣሁ። በማግስቱ መሐል ሜዳ ወጥቼ ለአስካለ ደወልኩላት። ምክንያቱን ሳልነግራት ነይ አልኳት፤ ቅዳሜ በሚኒባስ መጣች። ለካ ወሬው እሷ ዘንድ ቀድሞኛል። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ክኒኑንም ጸበሉንም ሳትመርጪ ያሳደግሽኝ ሰው፣ ከጸበሉና ከዛፉ ምረጪ ሲሉሽ ተቸገርሽ አሉ» አለችኝ።

«ብትወድቂብኝስ?» አልኳት።

«ብወድቅ ወዴት ትወስጂኛለሽ? ወደ ጸበሉ አይደለም? እሱም ደርቋል።»

የሁለት ሰው መጋዝ ተውሰን ወጣን። ኮሶዬ በጋ ሳይወጣ ነው፤ የጋሽ ወልዴን ሕግ ያፈረስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን ጫፍ እሷ ያዘች፣ አንዱን እኔ። በስተላይ መምሬ ቆመው ይጸልያሉ፣ በስተታች ሕዝቡ ያያል። እኔ የማየው መጋዙን ሳይሆን ፊቷን ነበር፤ ዓይኗ ዞር ያለ በመሰለኝ ቁጥር እቆማለሁ። «እማ፣ እየጎተትሽ» ትለኛለች። ዛፉ ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እሷ እንደቆመች ናት፤ ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። ያ ልጁ ከጦር ሜዳ የተመለሰለት ሰው መጋዙን ከእጃችን ተቀበለን። ከፋሲካ በፊት ከምንጩ በላይ አንድም ባሕር ዛፍ አልቀረም።

ለጋሽ ወልዴ ስነግራቸው ደስ ይበላቸው አይበላቸው አላወቅሁም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙኝ። ከዚያ፣ ጉቶውን ላጥሽው ወይ አሉኝ። አልላጥኩም ነበር። «ቅርፊቱን እስከ አፈሩ ድረስ ላጪው፣ አፈር አልብሺው። እንዲያም ሆኖ ያቆጠቁጣል። ገና ብዙ ክረምት ትወርጂለታለሽ» አሉ። የመጨረሻ የሥራ ትእዛዛቸው ይህ ነበር። ዝናቡ ሳይገባ ዐረፉ።

ውኃው ወዲያው አልመጣም። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ከዚያ በአንዱ በጋ አሸንዳው መንጠባጠቡን ትቶ ይወርድ ጀመር። እንደ ክንድ አይደለም፤ እንደ ጣት ነው። ተሠልፎ የሚቀዳ ሰው ግን ባዶ አይመለስም።

ጉቶው እንደተባለው አቆጠቆጠ። በየዓመቱ በሰኔ፣ ችግኙን ካስጫንን በኋላ፣ መጥረቢያ ይዤ እወርድና ቡቃያውን ከሥሩ እመታለሁ። በመታሁ ቁጥር የወደቀችው ሕፃን ትታየኛለች። ስለዚህ እዚያው ቆሜ ለአስካለ እደውላለሁ። ስለሌላ ነገር ነው የማወራት፤ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ። እሷ ግን ወሩን ታውቃለች። እየሳቀች ዛሬ ዛፉ ነው እንዴ ትለኛለች፣ ከዚያ ደኅና ነኝ ብላ ታረጋጋኛለች።

ዘንድሮም ጋቢውንና ዣንጥላውን ከተቀበልኩ በኋላ ወረድኩ። ኮሶው ከኔ ቁመት አልፏል፤ ቀይ አበባው ተንጠልጥሏል። ወደ ጉቶው ጎንበስ አልኩ። ቡቃያ የለም። በመጥረቢያው ጀርባ ብመታው እንደ ባዶ ሣጥን ጮኸ፣ ከጎኑም ተፈረካክሶ ወደቀ። ደወልኩ።

«ዛሬ ዛፉ ነው እንዴ?» አለች ገና ሳልናገር።

«አላቆጠቆጠም» አልኳት። «ጉቶው ሞቷል።»

  ከወዲያ የወረቀት ድምፅ ይሰማኛል።

«እኔ ደግሞ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነው፣ እማ» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ጄሪካኔን ከአሸንዳው ሥር አስቀመጥኩ። ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች ሴት ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ቅደሚኝ አልኳት፤ የሚያስቸኩለኝ አልነበረም።